የደዶ እንጉዳይ በፍልሰታ

ጅማ፣ ነሐሴ ፰ ቀን ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአቶ ሣህሉ፤

ልጄ መሳይ ያለ ፈቃዴ ያገባት ወርቂቱ፣ ትናንት ለፍልሰታ ጾሜ እንጉዳይ ልትለቅም ከደዶ ጫካ ይዛኝ ገባች። በእኛ አገር «የጅብ ጥላ» ብለን በእግራችን የምንመታውን፣ እርሷ ከኩይሳው ሥር እንደ እንቁላል ተጠንቅቃ ታነሣዋለች። እኔም ላግዛት ብዬ አንድ ነጭና ያማረ ብነቅል፣ «አባባ፣ መልኩን አይመኑ፤ ይሄ ይገድልዎታል» ብላ ከእጄ ወሰደችው።

ወጡ ሲቀርብ የእጄን ማመንታት አይታ ኖሮ፣ ቀድማኝ ጎረሰች። ስድስት ዓመት ደጄን ያላስረገጥኋት ልጅ ናት።

«በይ አጉርሺኝ፣ ልጄ» አልኋት።

ለመስቀል ሁለቱንም ይዣቸው ወደ ቤቴ እመጣለሁ። ወይዘሮ አጸደን ሳምልኝ። ስለ ጋብቻቸው ያኔ የመከርኸኝ ልክ ነበር፤ ይህንንም የጻፍሁልህ የፖስታ ካርዱ ቦታ ሊያልቅ ሲል ነው።

ወንድምህ አበጋዝ