የዕድሜ ልክ ዘይት

ጥር 16፣ ማክሰኞ። ማታ 1፡30

ውሃ መጥቶ በርሜሉን ሞላሁ። ጠዋት ኪዳነ ምሕረት ተሳልሜ ተመለስኩ። ልጄ ሕይወት ቀሚሷን ልትለካ ወጥታለች። ሠርጉ እሑድ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ያንን ድምፅ ዛሬም ሰማሁት።

እጮኛዋ ገመቹ ከመቂ መጥቶ በጥቁሯ መኪናው እስከ ሶደሬ መንገድ አንሸራሸረን። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ፈጣን። ነዳጅ ሲረግጥ ከኋላ ታንጎራጉራለች። ሲለቅ ዝም። ጠባብ መታጠፊያ ላይ ደግሞ ወገቧ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ወንጂ ሸንኮራ ሳመላልስ የኖርኩ ሾፌር ነኝ። ይኼ ዲፈረንሻል ነው። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ጥርስ ዘይቱ አልቆበታል፣ ወይ ዘይቱ ሞቷል።

መቼ ነው የተቀየረው አልኩት። ሳቀ። «አባባ፣ እሱ እኮ አይቀየርም! የዕድሜ ልክ ነው ብሎ ነው ሻጩ የሰጠኝ።»

የማን ዕድሜ? ይህን በሆዴ አልኩ።

ዕድሜ ልክ ሲባል እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ነው። እስርና ጋብቻ።

ጥር 17፣ ረቡዕ። ማታ 3፡00

ጾም ነው። ሆድ ባዶ፣ ሐሳብ ብዙ። ሳሊህ ጋራዥ ሄድኩ። የጥንት ጓደኛዬ፣ መካኒክ። ድምፁን በአፌ እያስመሰልኩ ነገርኩት። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። እሱ አልሳቀም።

የዕድሜ ልክ ዘይት የሚባል የለም አለ። ቀስ ብሎ ለሚነዳት ሃምሳ ሺህ ኪ.ሜ. ትሂድ። አደባባይ ላይ እንደ እንዝርት ለሚያሾራት ግን ግማሹም ብዙ ነው። ጎማ ባጨሰ ቁጥር ዘይቱ ይቃጠላል። ደግሞ አስጠነቀቀኝ፦ ለከባድ መኪና የምንጨምረውን ወፍራሙን ዘይት እንዳታስጠጋት። የዚች ዲፍ. በውስጡ እንደ ፍሪሲዮን ተጣብቀው የሚላቀቁ ሳህኖች አሉት፣ የራሱን ዘይት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ አስመጣልሃለሁ አለ። ስወጣ ከኋላዬ ጮኸ፦ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን የምትድረው ለልጁ ነው ለመኪናዋ?»

ማታ ለሕይወት ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አባዬ፣ በቀደም የሱፉ ቀለም፣ ከዚያ የአዳራሹ በር ጠበበ፣ አሁን ደግሞ ዲፈረንሻል! ሠርጉ ከተቆረጠ ጀምሮ ያልጎደለብህ ምን አለ?»

እውነቷን ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት ድምፅ የሚያሰማው እሷ ናት። እሑድ ማታ ሬዲዮ ልከፍት ነው። ጌታዬ፣ የሚያንጎራጉረው መኪናዋ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ጥር 18፣ ሐሙስ። ማታ 2፡00

ገመቹ መኪናዋን ግቢያችን አቆማት። ቅዳሜ አበባ የሚያስሩ ልጆች ይመጣሉ። እሱ በወንድሙ አይሱዙ ወደ መቂ ተመለሰ። ቁልፏ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር አየዋለሁ።

ሳይሄድ አንድ ጊዜ ደግሜ ለመንኩት። ከፍቼ ዘይቱን ብቻ ልየው አልኩ። ጆሮው ቀላ። «እርስዎ የሙሽራ አባት ነዎት፣ እጅዎን አያቆሽሹ።» በአክብሮት አለው። እንቢ ማለቱ ግን ገብቶኛል።

እሑድ ሕይወትን አጠገቡ አስቀምጦ በሞጆ፣ በቆቃ አድርጎ መቂ ይወስዳታል። አጃቢው ሲያጨበጭብለት መርገጡ አይቀርም። ያ ጥርስ በሩጫ ላይ ከያዘ የኋላ ጎማዎቹ ባንዴ ቀጥ ይላሉ። ከባድ መኪና እንዲህ ሆኖ ቦይ ሲገባ አይቻለሁ። ሾፌሩን አውጥተናል። እንዴት እንዳወጣነው አልጽፍም።

ጥር 19፣ ዓርብ። ከሰ. 8፡40

አደረግኩት።

ዘይቱ ደረሰ። ሕይወት ፀጉር ቤት ናት። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ግንድ ደገፍኩባት፣ በጀርባዬ ገባሁ። የታችኛውን ቡሎን ፈታሁ። ከሥሯ ያስቀመጥኩት ሳፋ ላይ የወረደው ሬንጅ የመሰለ ነው። የተቃጠለ ይሸታል። ቡሎኑ ጫፍ ማግኔት አለው፣ የብረት ብናኝ እንደ ጢም በቅሎበታል።

እሰይ! አልኩ። ጮክ ብዬ። ልጄ ልትሞትበት በነበረ ነገር እሰይ።

ከዚያ ወደ ላይኛው፣ ወደ መሙያው ቡሎን። ንቅንቅ አይልም። መዶሻ ጨመርኩ። መፍቻው ጠርዙን በልቶ አሾረው። አለቀ።

መሙያው መከፈቱን ሳታይ አታፍስስ። ስንቱን ሾፌር ያስተማርኩት ነው። ዛሬ ረሳሁት። ልክ ነኝ ለማለት ቸኩዬ። አሁን ዘይቷ ፈስሷል፣ መሙላት አይቻልም። ከግቢ አትወጣም። ሠርጉ ከነገ ወዲያ።

10፡15

ሳሊህ ቡልቡላ የተበላሸ መኪና ሊያነሳ ሄዷል። ስልኩ አይሠራም።

ማስታወሻዬ፣ አንድ ሐሳብ መጣ። ቡሎኑ ላልቶ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት ብልስ? ማንም አያውቅም። እንዲያውም ያመሰግኑኛል። ገመቹ ጉልበቴን ይስማል። ቃላቱን ደርድሬ ለብቻዬ ተለማመድኩት። አማረብኝ። የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ እኔ በጾም ቀን ውሸት እያጠናሁ ነው።

በዚች ውሸት ላይ ጎጆ ሊወጡ ነው። እኔ ደግሞ በየበዓሉ እየሄድኩ ልበላባት።

11፡30

ደወልኩ። እንዲህ አልኩት፦ እንቢ ብለኸኛል፣ ሰምቻለሁ፣ ከፈትኩት። ዘይቱን አፍስሻለሁ፣ የመሙያውን ቡሎን አበላሽቻለሁ። እኔ ነኝ።

ከጀርባው ሽንኩርት የሚጭኑ ሰዎች በኦሮምኛ ሲቀላለዱ ይሰማኛል። ሕይወት ታውቃለች ወይ አለ። አታውቅም። «ይንገሯት። ከእኔ እንዳትሰማው።» ዘጋው። አባባ አላለኝም።

ጥር 20፣ ቅዳሜ። ጠዋት 1፡20

ነገርኳት። ፀጉሯ ተሠርቶ፣ ሻሽ አስራ። እናቷን መስላ። ወደ ግቢው ወጥታ ግንድ ላይ የተቀመጠችውን መኪና ዞራ አየች። «እሄዳለሁ አባዬ። በአይሱዙም ቢሆን እሄዳለሁ።» ገብታ በሯን ዘጋች።

አሁን ሳሊህ ደወለ። ትናንት ማታ ከቡልቡላ ሲመለስ መቂ ላይ ገመቹን አግኝቶት፣ የሆነውን ሰምቶ እዚያው አድሯል። አብረው ሞጆን አልፈዋል። የተበላ ቡሎን የሚያወጣበት ዕቃ ይዟል። ልጁ ምን አለ? ብዬ ጠየቅኩ። ከመቂ እስካሁን አንድ ቃል አልተነፈሰም አለኝ።

ያንን ጢም የመሰለ ብናኝ ትናንት በጨርቅ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼዋለሁ። ገና በር ላይ ላሳየው ነበር። አስቤ አደርኩ። ማስረጃዬን በር ላይ ካወጣሁ ይቅርታዬ የት ላይ ሊቆም ነው? ሳፋው እንዳለ ነው፣ ሳሊህ ዘይቱን አይቶ ይንገረው። ሥራው ነው። የእኔ ሥራ ሌላ ነው።

ቁልፏን ከሚስማሩ አውርጄ በእጄ ይዣለሁ። መጀመሪያ እሷን እመልስለታለሁ፣ በሁለት እጄ። ነገ ልጄ በምን እንደምትሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ጨርቁን የምፈታው ከጠየቀኝ ብቻ።

አይሱዙ ቆመ። ሕይወት ከእኔ ቀድማ በሩን ከፈተች።