በጃማ ቴፕ ውስጥ የቀረው ካሴት

ኅዳር 2፣ ሰኞ። ከጧቱ 3 ሰ.

የሁለት ቴፕ ጎማ ቀየርኩ። ካሴት የሚያነበውን ሄዳቸውን በአልኮል ጠረግሁ። ብርቄ መጣች፣ ደሴ ላለች እናቷ ድምፅዋን ካሴት ላይ ልትሞላ። 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ነው የምትሠራው። የሱቄ ጓዳ አስገባኋት፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩላት፣ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። ስትጨርስ፦ ጋሼ ሰይድ፣ ይሄ ማሽንህ ምስጢር ይጠብቃል ወይስ እንደ እመቤቴ በየጎረቤቱ ይዞራል? አለችኝ። አብሽሪ፣ አታስቢ አልኳት። ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ደብተሬ፣ ካንቺም ደብቄ ኖሬአለሁ። ማሽኑስ ይጠብቃል። ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ እንደሷ ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች የሞሉትን ካሴት ሰምቻለሁ። መጻፍ አይችሉም፣ በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን ይልካሉ። ካሴቱን ወደ ድንበር ከተማዋ ውጫሌ ለሚነዳ ሹፌር ከመስጠቴ በፊት እሰማው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለጃማ እነግረው ነበር። ጃማ ያኔ የዚህ የሶማሌ ከተማ የጸጥታ ሰው ነበር። በስደት ዘመን በእኛ አገር መጠለያ ሳለ የለመደው አማርኛ አለው፤ የወሎ ልጅ በፍጥነት ስታወራ ግን አይከተላትም። ጆሮ ፈለገ፣ እኔን አገኘ። እኔ የመኖሪያ ወረቀት የለኝ፣ ሚስቴም የላት። ሚስትህን ማንም አይነካትም አለኝ። በዚህ ተስማማን።

ሚስቴ ዘሃራ ይህን ሳታውቅ ሞተች። አላህ ይርሐማት።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። ጎዶሎ ነው። እንደሆነው ልጻፈው።

አንዲት ልጅ ለእህቷ ስታወራ፣ ጌቶቿ ቤት ያረፈው እንግዳ አልጋው ሥር በብርድ ልብስ የጠቀለለው ነገር አለ፣ እንዳልጠርግ ከለከለኝ አለች። ነገርኩ። ሄደው ቢያዩ ፈንጂ። ገበያ መሐል ሊፈነዳ የነበረ። ያን ቀን ሁለት ረከዓ ሰግጄ አመሰገንኩ። ይህን አልክድም።

የቀረውስ? ማን አረገዘች። ማን ማተቧን በልብሷ ሥር ደበቀች። ማን በባሕር ልትሄድ አሰበች። ጃማ ሁሉንም ጻፈ። የትኛው ለአገር እንደሚጠቅም አንተ አታውቅም ይለኝ ነበር። አንዷ ማርገዟ ተሰምቶ ተባረረች። ከማን ሰሙብኝ እያለች አለቀሰች። ሻንጣዋን መኪና ላይ የጫንኩላት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወረቀት የሌለንን እያፈሱ ማባረር መጣ። ዘሃራ የአስም መድኃኒቷን ልትገዛ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር ወጥታ ተያዘች። ጃማ ደጅ ሮጥኩ። በሩን በግማሽ ከፍቶ፦ ከመኪናው ካስወረድኳት ሰይድ ምንህ ነው ይሉኛል፣ ነገሩ ይገለጣል፣ ይህ ሥራ ከአንድ ሴት ይበልጣል አለኝ። ዘጋው። መኪናው ወደ ድንበር ሄደ። በሦስተኛው ቀን ያለ መድኃኒቷ ጅጅጋ ሞተች። የቀበሯት የማያውቋት ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጃማ መናገር ተውኩ። ሁለት ዓመት። ለሱጁድ ስደፋ እንኳ የሱ በር ይታየኛል።

ኅዳር 6፣ ዓርብ። ከጁምዓ መልስ

የጃማ ፎቶ በየግንቡ ተለጥፏል፣ ጥይት በበሳው ግድግዳ ላይ ሳይቀር። ለከተማው ምክር ቤት ይወዳደራል። ጸጥታውን ከለቀቀ ዓመት አልፎታል።

መስጊድ በር ላይ ሽማግሌዎች ይከራከራሉ። አዲሱ ሕገ መንግሥት ያለ ዳኛ ወረቀት የሰው ቤት አይገባም፣ የሰው ደብዳቤና ንግግር አይሰማም ይላል። አንዱ፣ እግሩን ፈንጂ የወሰደበት፦ እኔን ይስሙኝ፣ ሰላም ልደር፣ ምን ምስጢር አለኝ፣ ከሚስቴ ጋር ስጣላ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል አለ። ተሳቀ። ሌላው፦ የፊተኛው መንግሥትም ሰላም ልጠብቅላችሁ እያለ ነው ሲሰማን የኖረው፣ በመጨረሻ ከተማችንን በአውሮፕላን አፈረሰ አለ።  ወደኔ ዞሮ፦ አንተ ሐበሻው ምን ትላለህ? እንግዳ ነኝ አልኩ። አፌ ደረቀ። የረመዳን ጾሙ አልነበረም።

ከአስር ሶላት በፊት ራሱ ጃማ መጣ። ቴፑን ታቅፎ። ሰይዶ፣ አልሞትክም? አለኝ። ቴፑ ካሴቱን በልቶበታል፤ ካሴቱ ውስጥ እንዳለ ተይዟል። ለንደን ላለ ወንድሜ ነው፣ ክሩን ሳትበጥስ አውጣልኝ አለ። ቀጥሎ ጣቱን አነሣና፦ እንዳትሰማው።

ለኔ። እንዳትሰማው አለኝ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ። ከቀኑ 8 ሰ.

ካሴቱን አወጣሁት። የተጨማደደውን ክር አቃናሁ። በቢክ እስክሪብቶ አጠነጠንኩት። መበላሸቱን ለማወቅ ማስኬድ ግድ ነው። ደብተሬ፣ ላንቺ ልዋሽ? ከመጀመሪያው ጀምሬ ሰማሁት። በሩን ቆልፌ።

ጃማ ያለቅሳል። ትልቋ ልጁ አእምሮዋ ከታመመ ሰባት ወር ሆኗታል። ባል ቤት ናት ብሎ ለሰው ሁሉ አውርቷል። ጓሮ ባለው ክፍል በሰንሰለት አስሯታል። ሌሊት ስትጠራኝ ትራስ ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ ይላል። ወላሎ፣ ወንድሜ ማለት ነው፣ ወላሎ ምን ላድርግ ይላል። ከድምፁ ኋላ የብረት ድምፅ አለ። ክሽ። ክሽ።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቃሉ ከአፌ ወጣ። ጾመኛ ነኝ፣ በሰው ሐዘን አላህን አመሰገንኩ። ግን ደስ አለኝ። እውነቱ ይህ ነው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ባዶ ካሴት ገዛሁ። ገልብጬ ለየሻይ ቤቱ ልበትን። ከበዓል በኋላ ከተማው በሙሉ ይሰማዋል። ልጁን ያሰረ ሰው አገር ሊያስተዳድር!

ብርቄ መልስ መጣልኝ ወይ ብላ ብቅ አለች። ገና ነው አልኳት። ፊትህ ምን ሆነ፣ ጋሼ? ሰው የቀበርክ ትመስላለህ አለች። ሰው ልቀብር ነው አልኩ። ቀልድ መሰላት።

ጃማ መልእክተኛ ላከ። ዓርብ ለሰፈሩ ኢፍጣር ያበላል፣ ንግግርም አለው። ድምፅ ማጉያ ትተክላለህ፣ ቴፔንም ይዘህ ና ብሏል። አልሠራም ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩ።

መገልበጥ አያስፈልግም። አንድ ማጉያ፣ ሁሉም ሰው በተቀመጠበት። አላህ ራሱ እጄ ላይ ጣለው። (ይህን መሰረዝ አለብኝ። አላህን የበቀሌ ተላላኪ አደረግሁት።)

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሐሜት የያዘ ጾም ረሃብ ብቻ ነው ብሎ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም ቁርኣን እንዳትተው ያለኝም እሱ። እኔ ዛሬ የማስበው ካሴቱን ልክ የት ላይ እንደማስጀምረው ነው። ወላሎ ካለበት? ሰንሰለቱ ከሚሰማበት?

ልጅቷ ምን አደረገችኝ? ምንም። ዘሃራስ ለማን ምን አድርጋ ነበር?

ቀኑን ሙሉ እንዲህ እላለሁ። አንዴ ገላጋይ፣ አንዴ ቢላ። ካሴቱን ወላሎ ላይ አቆምኩት። ኪሴ ከተትኩት።

ኅዳር 13፣ ዓርብ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ሆነ። በተርታው ልጻፈው።

ግቢው ሞላ። ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ በርሜል ሙሉ ውኃ። የጓሮው በር በትልቅ ቁልፍ ተዘግቷል። አየሁት። ማጉያውን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ፣ ከቴፑም ጋር አገናኘሁት። ጾሙ ተፈታ፣ ተሰገደ፣ ተበላ። እግሩ የተቆረጠው ሽማግሌ፦ ሐበሻው፣ ማጉያህን ቀንስ፣ እንደ ጃማ ንግግር ከሆነ እስከ በርበራ ይሰማል አለ። ሳቁ።

ጃማ ተነሣ። በኛ አስተዳደር የማንም ቤት ያለ ዳኛ ወረቀት አይደፈርም፣ የማንም ቃል አይሰረቅም አለ። አጨበጨቡለት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬአለሁ፣ ካሴቱ ቴፑ ውስጥ። ዓይኑን ወደኔ አላዞረም። በሩን እንደዘጋብኝ ቀን።

ተጫንኩ።

ወላሎ፣ ወላሎ። የጃማ ልቅሶ ግቢውን ሞላው። ሁለት ቃል። ጃማ ወደኔ ዞረ። ፊቱ አመድ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ደብተሬ፣ ለዚያች ፊት ሁለት ዓመት ጠብቄአለሁ። ጠጣኋት።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ ነው። ጣቴ አጠፋው። ለምን እንዳጠፋው አሁንም አላውቅም። ሰው ምንድነው እያለ አጉረመረመ። ድምፅ እየሞከርኩ ነው አልኩ። ከዚያ ማይኩን ከእጁ ወሰድኩ። እጁ አልጨበጠውም፣ ለቀቀልኝ።

በተሰባበረ ሶማሊኛዬ ተናገርኩ። እኔ ሰይድ፣ የቴፕ ሠሪው፣ አራት ዓመት የእህቶቼን ካሴት ያለ ዳኛ ወረቀት ሰምቻለሁ። የነገርኩት ለዚህ ሰው ነው። አንዱ ካሴት ገበያውን ከፈንጂ አድኗል፣ የቀሩት የሴቶች ገመና ናቸው። ሚስቴን ባፈሱ ቀን ምስጢሩ እንዳይወጣ ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ሞተች። ስትመርጡ ይህን እወቁ። የሴቶቹን ስም አልጠራሁም።

አንዱ ሰላይ ብሎ ተፋብኝ። ገሚሱ ወደ ጃማ ይጮኻል። ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ ያየኛል። የእንጀራዬ ነገር አበቃ፤ ነገ ብርቄም ትሰማለች፣ ማንም ጓዳዬ አይገባም። ይገባኛል።

ሽቦዬን ስጠቀልል ጃማ ጆሮዬ ሥር መጣ፣ በአማርኛ፦ ከካሴቱ ምን ሰማህ?

ሁሉንም አልኩት። ለማንም አልናገርም። አንተ ግን መሰማትህን እያወቅህ ትኖራለህ።

ካሴቱን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፍኩለት። ይቅር አላልኩትም።