ቀዳዳው ለሚስማር አይደለም

ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ያ የሚቆርጥህ ወገብህ ተሻለው ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጅህስ ደኅና ናቸው? እኔ ከንዴቴ በቀር ደኅና ነኝ። እናታችንም አለች፤ አልጋዋ ግን ብሎኬት ላይ ቆሟል። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ የምታውቀውንም ደግሜ እነግርሃለሁ።

ትናንት በጎረቤት ስልክ የላክኸው መልእክት ተነበበልኝ። «እትዬ፣ አታስቢ፣ ሲዲው እምቢ ካለ በፍላሽ እልካለሁ» ትላለህ። ፍላሽ! ደሜ ነው የፈላው። በሌላ ሰው ባስጽፈው ይለሳለሳል ብዬ ይህን በራሴ እጅ እጽፍልሃለሁ።

አምና መንገዱን የሚያቋርጠውን የውኃ ቱቦ አፉን ሽቅብ አድርገው ቀበሩት፤ ጎርፉም ወደ እኛ ዞሮ እናታችን ክፍል ገባ። ዘንድሮ ከክረምቱ በፊት አውጥተው እንደገና ሊቀብሩት ነው። አንተም ይህን ስትሰማ ስለ ቱቦው፣ ስለ ቦዩ፣ ስለ መንገዱ የምታውቀውን ሁሉ ከነሥዕሉ በሲዲ ገልብጠህ፣ ለመንገድ ሠራተኞቹ አንድ ካርቶን ሙሉ ላክህ። እኔም ጎሽ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው አልኩ። ምን ዋጋ አለው!

ሠራተኞቹ ያላቸው አካፋና ዶማ ነው። አለቃቸው፣ ያ ሥራውን ሁሉ ነገ የሚለው፣ «አቶ ነገ» የምንለው ሰውዬ፣ ካርቶኑን ተሸክሞ ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ «ይኼ ኮምፒዩተር አዲስ ነው፣ የሲዲ አፍ የለውም» ብላ መለሰችው። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ስወርድ ምን ልይ! የመንገዱ መታጠፊያ ላይ የተተከሉት እንጨቶች ሁሉ ያብለጨልጫሉ። አቶ ነገ ጽሑፍህን ከነሲዲው በሚስማር ቸንክሮታል!

ምን ማድረግህ ነው ብዬ ጮኽኩበት። «ምነው እትዬ፣ የመኪና መብራት ሲያርፍበት እኮ ለሹፌሩ ያበራል። ወንድምዎ አስቦበታል፤ የሚስማሩን ቀዳዳ ሳይቀር መሐሉ ላይ አውጥቶልናል» አለኝ። ሠራተኞቹም መረቁህ። እውነት ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ መታጠፊያው ላይ የተገለበጠ መኪና የለም። ይህን ሰምተህ እንዳትኮፈስ! ጎርፉ መብራት አይቶ አይመለስም።

እናታችንም አንዱን በእኔ አስለምና ትራሷ ሥር አኑራዋለች። ለመጣው ሁሉ «ልጄ የጻፈው ነው» ትላለች፤ ፊቷን ታይበታለች። ልጇ የጻፈውን ግን አንድም ሰው አላነበበላትም።

አንተ ሰው፣ እኔን ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ አይደለህም ወይ? ፀጉሬ ሸብቶ፣ አሁን ምን ዓይን አለኝ ብዬ ስግደረደር፣ ካርቶን ቀደህ በከሰል ዶሮ የሚያህል «ሀ» ጻፍክልኝ። ለእህትህ ዶሮ የሚያህል «ሀ» የጻፍክ ሰው፣ ዛሬ ለአቶ ነገ መስታወት ትልካለህ? ከተማርክ ወዲህ ሰው ምን በእጁ እንዳለ መጠየቅ ቀረ?

ፍላሽህን እዚያው ያዘው። ብትልከው አቶ ነገ የቁልፍ መያዣ ያደርገዋል። ቱቦው ወደ የት ማዘንበል እንዳለበት፣ ምን ያህል ጥልቅ መቀበር እንዳለበት፣ በወረቀት፣ በትልልቁ ጻፍልኝ፤ ሥዕሉንም ሥራበት። አቶ ነገን ጠይቄዋለሁ፤ «ወረቀት ከሆነማ ማን ጠልቶ!» ብሏል። ነገ ካለኝም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ብቻ ቶሎ በል፤ ሰማዩ ከብዷል። እናታችን ከዚያ አልጋ የምትወርደው አንገቴን ይዛ ነው፤ የእኔም ጉልበት እንደ ዱሮው አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ከወደቅን አብረን ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ እሷ ሰው ናት፣ ወረቀቱን እንዳትረሳ ታስታውስሃለች። ልጅህን ሁለት ጉንጩን ሳምልኝ። ለአማትህም «ጉልበትዎን ስሜያለሁ ብላለች» በልልኝ። እናታችን መስታወትህን እያየች «ዓይኑን ሳሚልኝ» ብላለች። የእኔን ሰላምታ ግን ወረቀቱ ሲደርሰኝ ትቀበላለህ።

ታላቅ እህትህ
ከመንገዱ በታች ካለው ቤት፣ ደመና በጠቆረበት ሐሙስ