ስለ መተላለፊያችን የብረት በርና ስለ ቁልፍ ያዡ ወንድሜ

ይድረስ ለአካባቢያችን የጸጥታና ደህንነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔስ በእርስዎ በኩል ልቤ ያረፈ ነው፤ ጉንፋን እንኳ ቢነካዎ መኪናዎ ከቢሮዎ ደጃፍ እስከ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ድረስ አንድም የተቆለፈ በር እንደማያጋጥማት አውቃለሁና። ጤናው ይብዛልዎ። እኛም ከአንዱ በስተቀር ሁላችንም በሕይወት አለን፤ እሱም ቢሆን በእርስዎ መዝገብ ላይ አለ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሬዲዮ እየጠገንሁ ያረጀሁ፣ ፊደልንም ሬዲዮንም በራሴ ፈታትቼ የተማርሁ ሰው ነኝ። በቅርቡ ባለሱቃችን ስኳር ሊጠቀልልበት ካስቀመጠው የወረቀት ክምር ውስጥ ስለ መንግሥት ፖሊሲ፣ ስለ ደህንነትና ስለ ፖለቲካ ኢኮኖሚ መሠረታዊ ሐሳቦች የሚያስተምር ሽፋን የሌለው መጽሐፍ አግኝቼ በመነጽሬም በማጉያ መስታወቴም አንብቤዋለሁ። ስለ ተጠያቂነት የሚናገረው ምዕራፍ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል፤ ስለዚህ በዚያ ጉዳይ ላይ ምንም ባልጠይቅዎ ካለማወቅ ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ። በቀረው በኩል ያሉኝን አቤቱታዎች በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መጽሐፉ እንደሚለው ደህንነት አንዱ ቢጠቀምበት ለሌላው የማይጎድል፣ ማንም ከማንም የማይነጥቀው የጋራ ጥቅም ነው። ይህን ጥቅም ለአሥራ ዘጠኙ ቤቶቻችን ስላደረሱልን ከልብ እናመሰግናለን። ከሁለት ዓመት በፊት ከመተላለፊያችን አንድ ባልዲና ሁለት አንሶላ በመሰረቁ መሥሪያ ቤትዎ ሳይውል ሳያድር ከአጥር እስከ አጥር የሚደርስ የብረት በር አቁሞልናል። ትልቁ መዝጊያ በጓጉንቸር ተቆልፎ በማኅተም ታሸገ፤ ለሰው መግቢያ ደግሞ በጎኑ ትንሽ በር ተተወችልን። ሌባ እግረኛ ነውና በትንሿ በር ይገባል፤ በትልቁ በር ይገባ የነበረው አምቡላንስ ነው። ከዚያ ወዲህ ባልዲ ሦስት ጊዜ ተሰርቋል፤ አምቡላንስ ግን አንድም ጊዜ አልገባም። ጥበቃው በዚህ በኩል ፍጹም ነው።

፪. መመሪያዎ ቁልፉ አንድ፣ ያዡም አንድ ሰው እንዲሆን፣ ያዡም ያስቀመጠበትን ቦታ ለማንም፣ ለሚስቱም ቢሆን እንዳይናገር አዘዘ። ለዚህም ታናሽ ወንድሜ አናጢው ተመረጠ፤ በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይናገር ሰው ስለነበር ምርጫው እንከን አይወጣለትም። እኔ «ወንድሜ፣ ሚኒስትር ሆነሃል፤ እንግዲህ በቀጠሮ ነው የምናገኝህ» እያልኩ ስቀልድበት እሱ ከመላጊያው ቀና ሳይል «አንተ ሳቅ፤ አደራ ነው» ይለኝ ነበር። አደራ የሚለው ቃል ከሚከብዳቸው ጥቂት ሰዎች መካከል አንዱን መርጣችኋል፤ ለዚህም ምስጋናዬ የተለየ ነው። እሱው በሥራ ሜትሩ ትንሿን በር ለክቶ፣ ከበሽተኛ መሸከሚያ ቃሬዛ በአንድ ስንዝር እንደምትጠብ በጽሑፍ አሳውቆዎት ነበር። የመለሱለት ደብዳቤ በእጄ ነው፤ «የበሩ ጥበት የጥበቃው መሠረታዊ ባሕርይ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል፤ ማኅተሙም በጣም ያምራል።

፫. ከዘጠኝ ወር በፊት በአንድ ማክሰኞ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ወንድሜ የሚልገውን በር እንደያዘ ሥራ ቤቱ ውስጥ ወደቀ። አንደበቱ ተይዞ ነበር። አምቡላንሱ ቶሎ ደረሰ፤ ለዚህ ሾፌሩን እንጂ እርስዎን አላመሰግንም። ነርሷ በትንሿ በር በጎን ገብታ አየችውና «ተጋድሞ ነው የሚወጣው፤ ቀና ካደረጋችሁት ልቡ አይችልም» አለች። ቁልፉን ፍለጋ ሚስቱ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠች፤ ልጁ የምስማር ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ደፋች። እኔ ጆሮው ላይ ተደፍቼ «የት ነው ያኖርኸው?» ስለው ዓይኑ ጣሪያውን ያያል፣ መስኮቱን ያያል፣ መልሶ እኔን ያያል። መመሪያዎን እስከ መጨረሻው እንዳከበረ እመሰክራለሁ፤ ቦታውን ለማንም አልተናገረም።

ራሱ በሚሠራው በር ላይ አጋድመን እስከ ብረቱ በር አደረስነው። በብረቶቹ መካከል የአምቡላንሱ ቀይ መብራት እየዞረ ፊቱ ላይ ይመጣና ይሄዳል። ያን ጊዜ ጎረቤታችን በያጁ የብረት መጋዝ ይዞ መጥቶ በእጄ ላይ አኖረልኝ፤ «ወንድምህ ነው፤ አንተ ቁረጠው፤ እኔ ከነካሁት የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል» አለ። መጋዙን ጓጉንቸሩ ላይ አሳረፍሁት። ከዚያ ማኅተሙን አየሁ፤ ከሥሩም «ይህን ማኅተም የሰበረ በሕግ ይጠየቃል» የሚለውን ጽሑፍ አነበብሁ። ማንበብን በራሴ በመማሬ በዕድሜዬ የተጸጸትሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። «ቆዩ፣ ልደውል» አልሁ።

ደወልሁ። ጸሐፊዎ በለሰለሰ ድምፅ፣ ክቡርነትዎና ባልደረቦችዎ «ለድንገተኛ አደጋ ፈጣን ምላሽ ስለመስጠት» በሚል ርእስ ስብሰባ ላይ መሆናችሁን፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሼ ብሞክር እንደሚሻል ነገረችኝ።

ጠበቅሁ።

ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ ነርሷ አንገቱን ዳስሳ «ከዚህ በላይ አይጠበቅም» ስትል፣ ይሁን ብለን ወንድሜን አቁመን በትንሿ በር በጎን አወጣነው። ከበሩ ማዶ ስንደርስ ግን በእጃችን ያለው ወንድሜ አልነበረም።

መጽሐፉ፣ መንግሥት ማለት በኃይል የመጠቀምን መብት ለብቻው የያዘ አካል ነው ይላል። እኔ ይህን ሳነብ ጠመንጃ፣ የደንብ ልብስና እስር ቤት ይታየኝ ነበር። አሁን ግን በትክክል ገብቶኛል፤ ማንም አልከለከለኝም፣ በአካባቢው አንድም ዘበኛ አልነበረም፤ የነበረው ስድሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ በእጁ መጋዝ፣ በእግሩ ሥር ወንድሙን ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ ፈቃድ ሲጠብቅ ነው። ክቡር ሆይ፣ እንኳን ደስ ያለዎ። ከዚህ የረቀቀ መንግሥት በዓለም ላይ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

፬. ከቀብሩ በኋላ አዲስ ቁልፍ ያዥ ይሾምልን ብዬ መዝገብ ቤትዎ ቀረብሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ልጅ «ርክክብ የሚፈጽመው ቁልፍ ያዡ ራሱ በአካል ቀርቦ ነው» አለችኝ። መሞቱን ነገርኳት። «አውቃለሁ አባቴ፣ ነፍስ ይማር፤ ግን ሳያስረክብ ነው የሄደው» አለችኝ። ፊቷ ላይ ክፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ወንበር ሰጥታኛለች።

በአራተኛው ወር ለወንድሜ የምስክር ወረቀት መጣለት። በእሱ ኃላፊነት ሥር ባለው በር በኩል አንድም ተሽከርካሪ ሳይፈቀድለት ባለመግባቱ የዓመቱ ምርጥ ቁልፍ ያዥ ሆኗል፤ «በዚሁ ትጋትዎ እንዲቀጥሉ» ይላል። በትጋቱ መቀጠሉን ላረጋግጥልዎ እችላለሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ጓጉንቸሩ ብረቱን ይመታል፤ ሁለት ጊዜ፣ ዝም፣ ከዚያ አንድ ጊዜ። ሚስቱ ከስፌቷ ቀና ትላለች። ልጁ «አባዬ ቁልፉን እየሞከረ ነው» ትላለች፤ እንደ ቀልድ ነው የምትለው፣ ግን ማናችንም አንስቅም፤ እኔ እንኳ፣ የሰፈሩ ቀልደኛ፣ አልስቅም። የምስክር ወረቀቱንም ሚስቱ መጣል ፈርታ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አስቀምጣዋለች።

፭. አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። ይህች የወንድሜ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯ ገብቷል። አዋላጇ መርምራ፣ ጽንሱ በአግድሞሽ እንደተኛ፣ የሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ አንድ እርምጃ እንኳ ሳትራመድ ተጋድማ በመኪና መሄድ እንዳለባት አስጠንቅቃናለች። የቀሯት ሁለት ሳምንት ቢሆኑ ነው። ጸሐፊዎ «ወደ ሌላ ሰፈር ሄዳ ትቆይ» በማለት ስለሰጠችኝ ምክር አመሰግናለሁ፤ ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን የነዋሪነት መታወቂያዋ የዚህ ሰፈር ስለሆነ የዚያኛው ሐኪም ቤት አልቀበልም ብሏል፤ ይህም በእርስዎ ፊርማ የወጣ መመሪያ ነው። መጽሐፉ አንድ ውሳኔ በስብሰባው ላይ ባልነበረ ሰው ላይ የሚያሳድረውን ጉዳት «ውጫዊ ተጽዕኖ» ይለዋል። ገና ያልተወለደ ሰው ከዚህ በላይ በምን ውጭ ይሆናል?

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ማኅተሙን ያንሱልን፣ ወይም በሕይወት ያለ ቁልፍ ያዥ ይሹሙልን። ይህ የማይመች ከሆነ ደግሞ ከወዲሁ ያውቁት ዘንድ የማሳውቅዎ ነገር አለ፤ መጋዙ በቤቴ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። በያጁ አዲስ ምላጭ አስገብቶለታል፤ እኔም በየእሑዱ ዘይት እቀባዋለሁ። ምጧ በያዛት ዕለት አልደውልም። ይህን በግልጽ የጻፍሁት በአጀንዳ ያስይዙት እንደሆነ ብዬ ነው።

ለሰጡን ጥበቃ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ በዚህ ሰፈር ወሰን የሌለው እሱ ብቻ ነው።

በትንሿ በር በጎን ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣
የእርስዎ ታዛዥ የነበርሁት፣
ሬዲዮ ጠጋኙ፤ የቁልፍ ያዡ ታላቅ ወንድም፣ የምትወልደዋ ልጅ አጎት

ግልባጭ፦
ለአሥራ ዘጠኙም ቤቶች
ወንበር ለሰጠችኝ የመዝገብ ቤቷ ልጅ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፉትን ያለፈውን ወር ቃለ ጉባኤ አነበብሁ። ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን፣ ቁልፍ ያዡ ወንድሜም ተገኝቶ «በሩ እንደታሸገ ይቆይ» በሚለው ሐሳብ መስማማቱን ይገልጻል። ከስሙ አንጻር ፊርማ አለ፤ ጫፉ እንደ መላጊያ ፍቅፋቂ የተጠቀለለ፣ እሱ በሕይወት ሳለ ይፈርመው እንደነበረው። ማን እንደፈረመለት አልጠይቅም፤ የተጠያቂነቱ ምዕራፍ ስኳር ተጠቅልሎበት ሄዷል ብያለሁና። አንድ ነገር ብቻ ይተባበሩኝ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሲመጣ ቁልፉን የት እንዳኖረው ይጠይቁልኝ፤ ልጁ ልትወልድ መሆኗንም ይንገሩት። ስለ መጋዙ ግን አያንሱበት፤ እሱን ያውቃል። ያን ዕለት መጋዙን ይዤ ስጠብቅ ያየው የነበረው እኔን ነው።