የጠዋቱን ሙዚቃ የተረከብኩበት ኅዳር

ረቡዕ፣ ኅዳር 3። ጠዋት፣ ባጃጅ ውስጥ

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው የምጽፍብህ፣ ማስታወሻዬ። ፊደሌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የመንገዱ ነው። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። የኛ ጣቢያ! ልቤ ሞቅ አለ። ዜናው አለቀ። ዘፈን ገባ። ትናንት በዚህ ሰዓት የገባው፣ ከትናንት ወዲያም የገባው፣ ያው የአዲስ አበባ ዘፈን። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ዘጋውና ፍላሽ ሰካ። ወላይትኛ ጨዋታ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ትከሻቸው ወዲያው ተነቃነቀ።

ለምን ዘጋኸው አልኩት። የነሱን ዘፈን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ምን ያደርግልኛል አለኝ። «የነሱን»! እዚያ እንደምሠራ አልነገርኩትም። ሌላ ጣቢያ ነበር ተቀናቃኛችን የሚመስለን። ፍላሽ ነው ለካ።

ወራጅ አለ!

ያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት

ነገሩ ከባጃጁም ይብሳል። ሥ/አስኪያጃችን አቶ ጌታሁን ስብሰባ ጠሩ። የጠዋቱ አቅራቢያችን ሥራ ለቆ ሐዋሳ ገብቷል። በእሱ ቦታ ሰው አይቀጠርም። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ያለውን ፕ/ም ከአዲስ አበባ ተቀብለን እናስተላልፋለን። ማለትም ሶዶ ስትነቃ የሚያናግራት የሶዶ ሰው አይኖርም።

እኔ የምሳ ሰዓት ሙዚቃ መራጭ ነኝ። በስብሰባ ላይ ከጥግ የምቀመጥ። ሳላስበው አፌ ተከፈተ። ጠዋቱን ለእኔ ይስጡኝ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ፣ አልኩ።

አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው አይደሉም። ይፈራሉ እንጂ። አንድ አማካሪ ያወጣልን ደንብ አለ፦ ጠዋት የታወቀ የአማርኛ ዘፈን ብቻ፣ እሱኑ ደጋግሞ፤ ወላይትኛ ለቅዳሜ የባህል ሰዓትና ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ሰሞን። ደንቡ ከተነካ ስፖንሰር ይሸሻል ብለው ያምናሉ። የቀን መቁጠሪያውን አዩ። ከዚያ፦ «እሺ ትዕግሥት። እስከ ኅዳር መጨረሻ። ከዚያ በኋላ ግን እንዳትነዘንዢኝ።»

አገኘሁት! ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። የጥበቃው ሰውዬ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ አሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4። ከራት በፊት

ደስታው አድሮ ፍርሃት ሆነ። ለእማዬ ነገርኳት። ሳቀች። አያቶቻችን ከሰሜን መጥተው እዚህ ከሰፈሩ ጀምሮ ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። የአንቺ ወላይትኛ ድንች መግዣ ነው እንጂ ሬዲዮ ላይ የሚወራ አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። ተናደድኩባት፣ ግን እውነቷን ነው።

ቴክኒሺያናችንን ማቴዎስን ያዝኩት። ወላይትኛ አፉን የፈታበት ነው። ዘፈኖቹን አብሮኝ ያዳምጥ፣ ግጥሙን ያስረዳኝ። አንዱን ሲሰማ ከወንበሩ ሊወድቅ ደረሰ በሳቅ። እኔ የሰርግ ዘፈን ብዬ ለሙሽሮች ልጋብዘው ነበር። ለካ እጮኛው የከዳችው ሰው እርግማን ነው!

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከፕ/ም በኋላ

ውርደት። ሌላ ቃል የለኝም።

በወላይትኛ «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ። እዚያ ድረስ ደህና። ከዚያ የምወዳቸውን የናፍቆት ዘፈኖች አከታትዬ ለቀቅኩ። ሁሉም ቀስ ያሉ፣ ሁሉም የሚያባቡ። ስልክ ተደወለ። አንድ ሰው በቀጥታ ሥርጭት፦ «እህቴ፣ ማን ሞቶ ነው?»

ድምፃቸውም አይመጣጠንም። አንዱ ዘፈን ይንሾካሾካል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወቂያ ጆሮ ይበሳል። አቶ ጌታሁን ከመስታወቱ ማዶ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመዋል። ሰዓታቸውን አይተው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከሰዓት

ትናንት ማታ ስለ ዘፈን አላሰብኩም። ስለ ሰው አሰብኩ። አንድ ሰዓት ላይ እዚህ አገር ሰው ምን ይሠራል? ልጅ ያለብሳል። ሱቅ ይከፍታል። ወደ ተበላ ከተማ ገበያ ለሚሄድ ሚኒባስ ጆንያ ይጭናል። እጅ ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚተክዝ ሰው መስሎኝ ነበር የማዘፍንለት። የምተክዘው እኔ ነኝ!

ፕሌይሊስቱን አፍርሼ ሠራሁት። ከዜናው እንደወጣን ከበሮው ከፊት የሚመጣ ወላይትኛ። ከእሱ ቀጥሎ ሁሉም የሚያውቀው አማርኛ፣ ወላይትኛ የማይሰማው የከተማ ሰው እንዳይሸሽ። ከዚያ ትልልቆቹ የሚያስታውሱት የድሮ ዘፈን። ቀስ ያለው ወደ ሦስት ሰዓት ግድም ይምጣ፣ ባለሱቁ ከፍቶ፣ ጠርጎ፣ ደንበኛ ሲጠብቅ። በአንድ ጠዋት አንድ ዘፈን ሁለቴ አይገባም። ማቴዎስ የሁሉንም ድምፅ እኩል አድርጎ ያስተካክላል።

ዛሬ ጠዋት በግማሽ ሞከርኩት። ማንም «ማን ሞተ» አላለኝም። ትንሽ ድል ነው። ድል ግን ድል ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ጠዋት

ኅዳር ሚካኤል። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ እኔ ስቱዲዮ። እየሠራ ነው! ከአረካ አንድ ልብስ ሰፊ ደወለ፣ መኪናውን ከከበሮው ጋር እየረገጠ እንደሆነ አሰማን። ስልኩን ወደ ስፌት መኪናው አስጠግቶ። ማቴዎስ አውራ ጣቱን አነሣልኝ።

አዲስ ጭንቀት፦ ጥራት ያለው የወላይትኛ ቅጂ ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እኔም መደጋገም እጀምራለሁ። ከዚያ ከአማካሪው በምን ተሻልኩ? ማቴዎስ ዲምቱ በሚባል ቦታ አንዲት ሴት አሉ ይላል፣ ወ/ሮ ባሎቴ። ድሮ ሰርግ ያለ እሳቸው አይደምቅም ነበር። ነገ ቅዳሜ ነው። እንሄዳለን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። ዲምቱ፣ ከሰዓት፣ ጥላ ሥር

አውራ ጣቴ ቆስሏል፣ ብዕር በግድ ነው የያዝኩት። ግን ሳልጽፍልህ አልመለስም።

ወ/ሮ ባሎቴ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሸራ ላይ በቆሎ እየፈለፈሉ አገኘናቸው። «መጣህ ልጄ? ተቀመጥ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስለሆነ ተግባባን። ለምን እንደመጣን ማቴዎስ ነገራቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ጌታን ከተቀበሉ ወዲህ የዓለም ዘፈን ትተዋል። የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናቸው። አይሆንም፣ በቃ።

መቅረጫውን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩ። ምን እላለሁ? ሰው ለእምነቱ የተወውን አምጣ ልል ነው? የሚመለሰው መኪና እስኪመጣ ድረስ እኔም ተቀምጬ መፈልፈል ጀመርኩ። ሴቶቹ በጣቴ ሳቁ። ሥራው ሞቀ። አንዷ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ ከዚያ ያ የወ/ሮ ባሎቴ ድምፅ ከላይ መጣ። እንዴት አድርጌ ልንገርህ! ወፍራም ነው፣ ግን ይወጣል። ፍሬው ሲወድቅ ነው ምቱ። ማቴዎስ በጆሮዬ፦ ፍሬው ወደ ቤት ይግባ፣ ቆረቆንዳው ለእሳት ይቅር ነው የሚሉት አለኝ።

ሲጨርሱ እሳቸውንና ቦርሳዬን አየሁ። ገባቸው።

«ይሄ ዘፈን አይደለም» አሉኝ፣ «ሥራ ነው።»

«ሥራውን ልቅረጸው?»

እጃቸውን ጠረጉ። ጎረቤቶቻቸውን አዩ። «ሥራ ከሆነ ማን ይከለክላል? ቅረጽ።»

ቀረጽን! ሸራው ላይ ፍሬ ሲንኮሻኮሽ፣ የግቢው ዶሮ ሳትቀር ገብታለች። በሬዲዮ ቢተላለፍስ አልኳቸው። ሰው ሲሠራ ይስማው አሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ከፕ/ም በኋላ

ከዜናው ቀጥሎ ለቀቅኩት። ያለ ክራር፣ ያለ ኪቦርድ። ሴቶች፣ በቆሎና ዶሮ።

አቶ ጌታሁን በሩን ከፍተው ገቡ። ሙዚቃ የሌለው ሙዚቃ ብለው ጀመሩ፣ አልጨረሱም። ስልኩ። ሁሉም መስመር። አንዲት ሴት እያለቀሰች ወላይትኛ ታወራለች፣ ማቴዎስ ይተረጉምልኛል፦ እናቷ ድምፅ ሰምታ የማን ቤት ነው የሚፈለፈለው ብላ ደጅ ወጣች። አንድ ሾፌር ከመንገድ ዳር ቆሞ ደወለ፦ ድገሙት፣ ድገሙት። ደንቤን አልጣስኩም። ነገ ጠዋት አልኩት። ፍራሽ ሻጩ ስፖንሰራችንም ደወሉ። አቶ ጌታሁን ስልኩን ሲቀበሉ ፊታቸው አመድ ሆነ። ማስታወቂያቸውን ሊያቋርጡ መስሏቸው ነው። ሰውዬው ግን ከሴቶቹ ቀጥሎ አስገቡልኝ ነው የሚሉት!

ሰው ሁሉ ጠዋት የሚፈልገው የሚያውቀውን ነው ይሉን ነበር። ልክ ናቸው። የሚያውቀው ምን እንደሆነ ግን ማንም ሄዶ አልጠየቀውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ምሽት 12 ሰዓት

ወ/ሮ ባሎቴ ደወሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ አቶ ዳልኬ ሬዲዮውን ሰምተዋል። ምንም አላሏቸውም። ቅዳሜ አብሬሽ ሶዶ እሄዳለሁ ብቻ ብለዋል። ወ/ሮ ባሎቴ እሺ ስላሉን፣ ቅዳሜ ከስቱዲዮ በቀጥታ እንደምናቀርባቸው በሬዲዮ ተናግረናል። ሽማግሌው ተቆጥተው ይሁን አይሁን እሳቸው አያውቁም።

አቶ ጌታሁን ሰርዢው አሉ። ከቤተ ክርስቲያን ጋር ጭቅጭቅ አልፈልግም። እኔም አልፈልግም። ግን እኒህ ሴት በሥራቸው አፍረው ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው? ሽማግሌው ቢቆጡ ቁጣውን እኔ እቀበላለሁ አልኩ። የመጣው ይምጣ።



ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። እኩለ ቀን

ተረጋጊ ትዕግሥት። በተራ ጻፊ።

መጡ። ወ/ሮ ባሎቴ ነጭ ነጠላ፣ አቶ ዳልኬ ረጅም፣ ሸበቶ፣ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስቱዲዮ ውስጥ ጥግ ተቀመጡ። ሰላም አሉኝ። ቀዩ መብራት በራ። ጥያቄዬን በወላይትኛ ጀመርኩ፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ ሳትኩት፣ ወ/ሮ ባሎቴ ሳቁብኝ፣ ያ ሳቅ ገላገለን። ጀመሩ። በቆሎ ከዲምቱ ይዘው መጥተዋል፣ እየፈለፈሉ።

መሃል ላይ ቆሙ። ዓይናቸው ወደ ሽማግሌው ሄደና ግጥሙ ጠፋቸው። ሬዲዮ ላይ ዝምታ ምን እንደሆነ አንተ አታውቅም፤ ገደል ነው። ማይኩን ልከፍት እጄን ዘረጋሁ።

ከጥጉ ወፍራም ድምፅ መጣ። አቶ ዳልኬ! የቀጠለውን ስንኝ አወጡት። ወንበራቸውን ወደ ማይኩ ጎተቱ፣ አንድ በቆሎ አነሡ፣ መፈልፈል ጀመሩ። ሁለቱ እየተቀባበሉ ጨረሱት። ማቴዎስ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ በቀጥታ ሥርጭት ጠየቅኳቸው፦ አባቴ፣ ለምን መጡ? ቀስ ብለው መለሱ። «እናቴ ይህን እያለች ነው ያሳደገችኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ማክሰኞ ሰማሁት። ሊያመሰግናችሁ ሰው መምጣት አለበት ብዬ ነው።»

 የፍራሹን ማስታወቂያ ለቀቅኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ጠዋት

ከአዲስ አበባ መቀበሉ ቀረ! አቶ ጌታሁን ራሳቸው ናቸው ስቱዲዮ ድረስ መጥተው የነገሩኝ። የቅዳሜውን ቤታቸው ሆነው ሰምተዋል፣ ጎረቤቶቻቸው ሬዲዮ ፍለጋ ግቢያቸው ገብተው። ተሳስቼ ነበር አላሉም። «ጠዋቱ ያንቺ ነው» አሉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ቀኑን ሙሉ ብትሠሪውስ?» የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ። ፊርማ፣ ቢሮ፣ የራሴ ጠረጴዛ።

እስከ ረቡዕ ላስብበት አልኩ። እኔ! ላስብበት!

ረቡዕ፣ ኅዳር 24። ከፕ/ም በኋላ

አሰብኩ። ቢሮው መስኮቱ ወደ ዳሞታ ተራራ ነው፣ ያምራል። ግን እዚያ ከተቀመጥኩ በዓመቱ እኔም አማካሪ እሆናለሁ። የምወደውን እየደጋገምኩ ሰው ይወደዋል እላለሁ። ጆሮ ወንበር ላይ ይደነዝዛል።

ስለዚህ አቶ ጌታሁን ዘንድ ገብቼ ነገርኳቸው። ኃላፊነቱን እቀበላለሁ። ቅዳሜ የባህል ሰዓት የሚባለው ይቀራል፤ ወላይትኛ በየሰዓቱ ይገባል፣ እንግዳ ሆኖ ሳይሆን እንደ ቤተኛ። በየሳምንቱ አንድ ቀን እኔና ማቴዎስ መቅረጫ ይዘን ከከተማ እንወጣለን፤ ሰው በሚሠራበት ቦታ ተቀምጠን እንሰማለን። ይህ ካልሆነ ለሌላ ሰው ይስጡት።

ጣሪያውን አዩ። እኔን አዩ። የት ልትጀምሪ ነው አሉኝ።

ነገ አረካ፣ ልብስ ሰፊው ጋ አልኩ።