ከትከሻ የሚወርድ ቀሚስ

ሚኒያፖሊስ፣ የካቲት 1989 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሆሳዕና፣

ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ያለ መነጽር ክር በመርፌ አሾልካለሁ። በረዶ ላይ ያለ ከዘራ እሄዳለሁ፤ ከምኖርበት ከፊሊፕስ ሰፈር በባስ ሥራ ስገባ ማንም አይደግፈኝም። ደብዳቤ ግን የምትጽፍልኝ እናትሽ የሺሀረግ ነበረች። ይህን ብቻዬን ነው የጻፍኩት፤ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ አትሳቂብኝ።

የምሠራበትን ሱቅ አታውቂውም። የድሮ ዘመን ልብስ እየሰፋን ለቲያትርና ለጭፈራ እናከራያለን። አብራኝ ያለችው ናዲራ የምትባል የወሎ ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛውን እሷ ትይዛለች፣ መቀሱን እኔ።

ከገና በኋላ አንዲት ፈረንጅ መጣች፣ ዕድሜዋ ያንቺን ያህል ይሆናል። ለጭፈራ መሬት የሚጠርግ የድሮ ቀሚስ ትፈልጋለች፤ ኮርሴት ግን አልችልም አለች። ያ ሽቦ ገብቶበት ወገብን በገመድ ጠፍሮ የሚይዘውን ማለቷ ነው። ያለ ኮርሴት የድሮ ቀሚስ የለም፣ ሌላ ሱቅ ትሂድ በያት አልኳት ናዲራን። ናዲራ አልተረጎመችም። ሴትዮዋ ግን ከፊቴ ገባት መሰለኝ፣ ሁለት ቁልፍ ፈትታ ደረቷ ላይ ያለውን የኦፕራሲዮን ጠባሳ አሳየችኝ። ሲጠብቀኝ መተንፈስ ያቅተኛል አለች።

ይህን ቃል ካንቺ ሰምቼዋለሁ። የሠርግሽ ጠዋት፣ የሰፋሁልሽን ባለ ሽቦ ቀሚስ ለብሰሽ "አባዬ፣ መተንፈስ አቃተኝ" ስትይኝ "ፎቶ እስክትነሺ ቻይው" አልኩሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሙሽራሽ ፊልሞን ክንድ ላይ ስትወድቂ ደግሞ ለሰው ሁሉ "የኔ ልክ አይሳሳትም፣ እሷ ናት የወፈረችው" አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ ቃልሽ "እማዬን አቅርብልኝ" ብቻ ሆነ። እሷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ለበዓል ብቻ ነው ድምፅሽን የምሰማው።

ሥራውን ያዝኩት። ሱቁ ውስጥ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አለ፤ ጽሑፉን ስለማልችል ስፌቱን አየሁ። ወገባቸው በእጅ የሚጨበጠውን ሁሉ አለፍኩ። አንድ ነጭ፣ ሰፊ፣ ሽቦ የሌለው ቀሚስ አገኘሁና ማንንም ሳልጠይቅ ሰፋሁት። ናዲራ ስታየው ሳቅ ከወንበሯ ሊጥላት ደረሰ።

"ጋሽ ተካ፣ ይሄ እኮ ከኮርሴቱ ሥር የሚለበስ ነው። ሴትዮዋን በውስጥ ልብስ ሊያስጨፍሯት ነው?"

እስከ ምሳ አኮረፍኳት። ከምሳ በኋላ ራሷ መጽሐፉን ይዛ መጣች፣ እያነበበችልኝ አየን። የዛሬ ሰባ ዓመት ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀሚስ ነበር፤ ኮርሴት አይፈልግም፣ ግን አጭር ነው። የጥንት የጥንቱ ሰፊ ነው፤ ሱፍ ስለሆነ ግን ደረቷን ይጫናል። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ግን ሴቶቹ እኔ እንደሰፋሁት ያለ ስስ ጥጥ ለብሰው፣ መታጠቂያውን ከጡት ሥር አስረው አደባባይ ይወጡ ነበር። ያኔ ገባኝ። ኮርሴት የሚፈልገው ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ልብስ ነው። ትከሻ ከተሸከመው ወገብ ምን ቸገረው? ሃምሳ ዓመት ሰፍቼ ይህን አስቤው አላውቅም።

የሰፋሁትን አልጣልኩትም። ገበር ጨመርኩ፣ መታጠቂያውን ከፍ አደረግሁ። ሴትዮዋ ለበሰችው፣ ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ ከዚያ ቆማ በረጅሙ ተነፈሰች። ስፌቱ አልሳበም። እኔ ፊቴን ወደ ማሽኑ አዞርኩ።

ቤት ገብቼ የሠርግ ቀሚስሽን ከእናትሽ ሳጥን አወጣሁ። ልክሽ በደብተሬ ተጽፏል። ወገቡን ስለካው ከደብተሩ ሁለት ጣት ይጠባል። ሰው "የተካ እጅ ነው" እንዲል ብዬ ሆን ብዬ ነው ያጠበብኩት፤ ያኔም አውቅ ነበር። አንቺ አልወፈርሽም።

ናዲራ ደውዬ ልንገርልዎ ብላኝ እምቢ ብያለሁ። ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ወፍራ ነው የወደቀችው እያለ እስከ ዛሬ ለሚያወራው ለበሪሁን፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ሰው ባለበት፣ ጥፋቱ የኔ ነው እለዋለሁ። ፊልሞንን በፊቱ ሚስቱን ስላዋረድኩ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ለእናትሽ፣ "ለልጅቷ ንገራት" እያለች ላረፈችው፣ የቀሚሱን ጎን ተርትሬ ሽቦውን አንድ በአንድ አወጣላታለሁ። ያንቺን ለፋሲካ ዴንቨር ድረስ መጥቼ፣ በሩን ከከፈትሽልኝ፣ ቆሜ እነግርሻለሁ። ሜትር ይዤ አልመጣም።

አባትሽ ተካ