ደረቁ ቀለም

ይድረስ ለልጄ ለደሞዝ፣ ደሴ። ከተለየኸን ወዲህ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ በቸሩ አምላክ ፈቃድ አለን።

የላክህልኝን ቀለም በብዕሬ ሞልቼ ብሞክረው ደሜ ፈላ። ነጋዴው አታሎሃል! የድሮው እርጥብ ነበር፤ ብዕሩ ወረቀት ሲነካ ይፈስስ ነበር። ይኸኛው ደረቅ ነው፤ ፊደሉን ይቆራርጠዋል። ፍርድ ቤት ደጃፍ የጻፍሁላት ባልቴት ማመልከቻዋ "አይነበብም" ተብሎ ተመለሰባት። የሥራ ባልደረባዬ ገብረ አማኑኤል በዚያው ብዕር አንድ መስመር ጻፈና "ይፈስሳል እኮ!" አለኝ። ነጠቅሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ስጽፍ የኖርሁትን እኔን ስለ ቀለም ሊያስተምረኝ!

ይህንንም እኔ እየነገርኋት የጻፈችው እኅትህ ታይቱ ናት። ለእርሷም ፈሰሰላት። ቀለም ሰው ይመርጣል እንዴ? እባክህ እርጥቡን ፈልገህ ቶሎ ላክልኝ።

የአባቶችህ አምላክ በሄድህበት ሁሉ ይከተልህ። ፊርማው የራሴ ነው፤ ቢንቀጠቀጥ ቀለሙን ውቀስ።

አባትህ አሥራተ ማርያም፣ ከሰቆጣ